«ወጥቶልሻል» ከተባለ በኋላ

ስለ ሴቶች ካንሰር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ነው። ስለ ሁለቱም በሬዲዮ ይነገራል፣ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ፖስተር ይለጠፋል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስሙን ለመጥራት እንኳ በምናፍርበት ካንሰር ላይ ያተኩራል፤ በሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ላይ በሚወጣው ካንሰር። ይህ የአካል ክፍል በሕክምናው ቋንቋ ቨልቫ ይባላል። ከውጭ የሚታዩትን ትልልቅና ትንንሽ ከንፈሮች፣ ቂንጥርንና የሽንት መውጫውን አካባቢ ያጠቃልላል። ካንሰሩም ከማሕፀን በር ካንሰር የተለየ ራሱን የቻለ በሽታ ነው።

በማሕፀንና ጽንስ ሐኪምነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለዚህ በሽታ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሴቶች በተደጋጋሚ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው። «ወጥቶልሻል ተብያለሁ፤ እንግዲህ ድኛለሁ ማለት ነው?» ይሉኛል። ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ደግሞ ኮሪደር ላይ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ይመለሳል እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል። ለሁለቱም ጥያቄዎች በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» ብቻ መመለስ አይቻልም። ሊመለስ ይችላል። ይሁን እንጂ የታካሚዋን ዕጣ በዋናነት የሚወስነው የት ቦታ እንደሚመለስና ምን ያህል ቀድሞ እንደሚደረስበት ነው። ይህንን ልዩነት ያወቀች ሴት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ እንዴት መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች።

በሽታው ከየት ይመጣል?

የቨልቫ ካንሰር ብዙ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም አቀፍ ደረጃ 47 ሺህ ያህል ሴቶች በአዲስ መልክ እንደተያዙና 18 ሺህ 500 ያህል እንደሞቱ ይገመታል። ከማሕፀን በር ካንሰር ጋር ሲነፃፀር ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። አብዛኛው የሚነሳው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሕዋሳት ሲሆን፣ የሚነሳባቸውም መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወይም በአጭሩ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው፤ በተለይም ዓይነት 16። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውም ይኸው ቫይረስ ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ካንሰር በአንፃራዊነት ወጣት የሆኑ ሴቶችን ያጠቃል። ሲጋራ ማጨስና የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከም ያባብሱታል። ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ባለ ሴቶች ላይ በለጋ ዕድሜ የሚታየውና በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚበቅለው ለዚህ ነው። በመሆኑም በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ይህንን ምልክት ችላ ልትለው አይገባም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው የኤችፒቪ ክትባትም የሚከላከለው የማሕፀን በር ካንሰርን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ጭምር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም። ላይክን ስክለሮሰስ ከተባለ ሥር የሰደደ የቆዳ በሽታ ላይ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሲሆን፣ በአመዛኙ የወር አበባ ያቋረጡ ሴቶችን ይይዛል። ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ሌሊት እንቅልፍ እስኪነሳ ድረስ ያሳክካል። ብዙ እናቶች ይህንን ማሳከክ ለዓመታት «ሙቀት ነው»፣ «የሳሙና አለርጂ ነው» እያሉ ይታገሡታል። በዚህኛው መንገድ የሚመጣው ካንሰር ኤችፒቪ ከሚያመጣው ይልቅ የማገርሸት ዝንባሌው ከፍ ያለ፣ ውጤቱም የከፋ ነው።

ዕጣውን የሚወስነው ብሽሽት ነው

አንዲት ታካሚ ዕጢው በወጣላት ማግስት ስለ ወደፊቱ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የምመለከተው የብሽሽቷን የሊምፍ ዕጢዎች የፓቶሎጂ ውጤት ነው። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት እንደሚያብጥ ሁሉ፣ ከቨልቫ የተነሳ የካንሰር ሕዋስም ጉዞውን ሲጀምር በመጀመሪያ የሚያርፈው እነዚሁ ዕጢዎች ጋ ነው።

የልዩነቱን ስፋት ለማየት በጀርመን 29 የሕክምና ማዕከላት የተደረገውንና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነውን ጥናት መጥቀስ ይበቃል። ብሽሽታቸው በቀዶ ሕክምና ከተመረመረ 1,249 ሴቶች መካከል በ447ቱ ዕጢዎች ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት፣ ዕጢያቸው ንጹሕ ከሆነው ሴቶች 90 በመቶ ሲሆኑ ካንሰር ከተገኘባቸው ግን 56 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካንሰር የተገኘባቸው ዕጢዎች ቁጥር ሲጨምር፣ ወይም ካንሰሩ የዕጢውን ሽፋን ጥሶ ሲወጣ ተስፋው ይበልጥ ይጠባል።

በዚህም ምክንያት ካንሰሩ ወደ ሥጋ የገባበት ጥልቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር ካለፈ ሐኪሙ ብሽሽትን ሳይመረምር ማለፍ አይችልም። ስፋቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያላለፈ ከሆነ ግን ወደ ዕጢዎቹ የመድረስ ዕድሉ በጣም አነስተኛ በመሆኑ የብሽሽት ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። አንድ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ይወስናል።

ዘብ የቆመችው ዕጢ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረው ሕክምና መላውን ቨልቫና የሁለቱንም ብሽሽቶች ዕጢዎች በአንድ ላይ ጠርጎ ማውጣት ነበር። የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል፤ ያስከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነበር። ቁስሉ ለሳምንታት አይገጥምም፣ እግር እስከ ዕድሜ ልክ ያብጣል፣ የትዳር ሕይወት ይናጋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞች ዕጢውን ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጋር ብቻ ማውጣትና ብሽሽትን ለብቻው መክፈት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ለውጥ በኔዘርላንድስ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የተመራው ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ካንሰሩ ወደ ብሽሽት ከሄደ ሁሉም ዕጢዎች ጋ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ በር ላይ ዘብ የቆመችውን የመጀመሪያዋን ዕጢ ማለፍ አለበት። ይህችን ሴንቲነል የምትባል ዕጢ በሰማያዊ ቀለምና አነስተኛ ጨረር ባለው ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣትና መመርመር ይቻላል። ንጹሕ ከሆነች ሌሎቹን መንካት አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት፣ አንድ ዕጢ ብቻ ከነበረባቸውና ዘቧ ንጹሕ ሆና ከተገኘችላቸው 259 ሴቶች መካከል ካንሰሩ በብሽሽት የተመለሰባቸው ስድስት፣ ማለትም 2.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእግር እብጠት ያጋጠማቸው ዘቧ ብቻ ከወጣችላቸው ሴቶች ሁለት በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ሁሉም ዕጢዎች ከወጡላቸው ግን 25 በመቶ ነበሩ።

ይህ ዘዴ ታዲያ ለሁሉም አይሆንም። ዕጢው አንድ ብቻ፣ ከአራት ሴንቲ ሜትር ያነሰና በብሽሽት ላይ አጠራጣሪ እብጠት የሌለ መሆን አለበት። ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያም ይጠይቃል። በአገራችን ብዙ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዕጢው ከዚህ መጠን ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ መሣሪያው ቢኖርም እንኳ ዕድሉ ያመልጣቸዋል። ለእነርሱ የሚቀረው የብሽሽት ዕጢዎችን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። አንዲት ሴት በማፈር ያሳለፈቻቸው ስድስት ወራት ዋጋቸው እንዲህ በሚሊ ሜትርና በሴንቲ ሜትር ይቆጠራል።

ሦስት ዓይነት ማገርሸት

«ካንሰሩ ተመለሰ» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት በጣም የተለያዩ ሁኔታዎችን ይሸፍናል።

አንደኛው በዚያው በቨልቫ ላይ መመለስ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ደግነቱ የተሻለ ተስፋ ያለውም እሱ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት እንደገና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው በብሽሽት መመለስ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ የሚከሰት ሲሆን፣ ከዚህ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ሐኪሞች በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ወቅት ስለ ብሽሽት ይህን ያህል የምንጨነቀው ሁለተኛ ዕድል እምብዛም ስለማይገኝ ነው።

ሦስተኛው ወደ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አጥንት ተሠራጭቶ መገኘት ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የሕክምናው ዓላማ በሽታውን ማዘግየትና ሥቃይን ማስታገስ ይሆናል።

እንግዲህ «ተመለሰ» የሚል ቃል የሰማ ቤተሰብ ከማልቀሱ በፊት «የት?» ብሎ ይጠይቅ።

አምስት ዓመት ለምን አይበቃም?

በካንሰር ሕክምና አምስት ዓመት እንደ ድንበር ይታያል። አምስት ዓመት ያለፋት ሴት «ነፃ ነሽ» ትባላለች፣ ቤተሰብም ይደግሳል። ለቨልቫ ካንሰር ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

ከላይ የጠቀስኩት የግሮኒንገን ጥናት ተሳታፊዎችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ውጤት ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ ዕጢ ብቻ ከነበረባቸው 377 ሴቶች መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ በቨልቫ ላይ ያገረሸባቸው 27 በመቶ ነበሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ግን ቁጥሩ ወደ 40 በመቶ ከፍ ብሏል። ዘብ ዕጢያቸው ንጹሕ በነበረችው ሴቶች ላይ እንኳ 36 በመቶ ደርሷል። በቨልቫ ላይ ካላገረሸባቸው ሴቶች 90 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላም በዚህ በሽታ አልሞቱም፤ ካገረሸባቸው ውስጥ ግን ይህ ቁጥር ወደ 69 በመቶ ወርዷል።

እነዚህን ቁጥሮች በሁለት ዓይን ማየት ይገባል። በአንድ በኩል፣ ማገርሸቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሕይወት ይቀጥፋል። በሌላ በኩል ደግሞ ካገረሸባቸው ከሦስት ሁለቱ በበሽታው አልተሸነፉም። ያገረሸ ሁሉ ሞት ነው የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው።

ለመሆኑ በደንብ የወጣ ካንሰር ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እንዴት ይመለሳል? መልሱን በማሳ መስለን ብናየው ይቀላል። ገበሬ አረሙን ከነሥሩ ቢነቅልም አፈሩ ውስጥ የቀረው ዘር በሚቀጥለው ክረምት ይበቅላል። ላይክን ስክለሮሰስ ወይም ኤችፒቪ ያጠቃው ቆዳ እንደዚያ ማሳ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው ካንሰር ብዙ ጊዜ የድሮው ርዝራዥ ሳይሆን በዚያው በታመመ ቆዳ ላይ የበቀለ አዲስ ነው።

ቀደም ሲል ዋናው መከላከያ በዕጢው ዙሪያ ቢያንስ ስምንት ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ማውጣት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ለዚህ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ጥናት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን የስምንት ሚሊ ሜትሩን መስመር በእርግጠኝነት አልደገፉትም፤ በጠርዙ ላይ ካንሰር አለመቅረቱ እንዳለ ሆኖ፣ የጠርዙ ቆዳ ራሱ የታመመ መሆን አለመሆኑ ይበልጥ ሚዛን እየደፋ መጥቷል።

ከዚህ አንፃር ቆዳውን ማከም ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ ላይክን ስክለሮሰስ ባለባቸው 507 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። የታዘዘላቸውን የስቴሮይድ ቅባት በአግባቡ ከተጠቀሙት መካከል አንዷም ካንሰር አልያዛትም፤ እያቋረጡ ከተጠቀሙት ግን ወደ አምስት በመቶ የሚሆኑት ተይዘዋል። እነዚህ ሴቶች ቀድሞ ካንሰር ያልነበረባቸው ናቸው፤ ሆኖም ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴትም ቆዳዋ ላይ ይህ በሽታ ካለ ቅባቷን ማቋረጥ የለባትም።

ጨረር የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ከአንድ በላይ ዕጢ ላይ ካንሰር ከተገኘ ወይም የዕጢውን ሽፋን ጥሶ ከወጣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረር ይታዘዛል። ቁስሉ እንደዳነ ሳይዘገይ፣ ቢቻል በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። በዘብ ዕጢዋ ውስጥ የተገኘው ካንሰር ከሁለት ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ጨረር ብቻውን ሙሉውን የብሽሽት ቀዶ ሕክምና ሊተካ እንደሚችል ይኸው የግሮኒንገን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳይቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በብሽሽት የተመለሰባቸው 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሁለት ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ግን ጨረር ብቻውን የተሰጣቸው ሴቶች ላይ 22 በመቶ ተመልሷል። በመሆኑም ለእነዚህ ቀዶ ሕክምናው አይቀርም።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር ይታወሳል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭም አገልግሎቱ ተጀምሯል። ቢሆንም ወረፋ ሊኖር ስለሚችል ሪፈራሉ የፓቶሎጂ ውጤቱ በወጣበት ዕለት እንዲጻፍ መጠየቅ የታካሚዋም የቤተሰቧም መብት ነው።

ቢመለስስ?

በቨልቫ ላይ ብቻ ከሆነ ቀዳሚው ምርጫ እንደገና ቀዶ ሕክምና ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ዘብ ዕጢዋ ብቻ ወጥታ ከነበረና አዲሱ ካንሰር ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ከጠለቀ ብሽሽቱም በዚያው ይታያል። የሽንት መውጫን ወይም ፊንጢጣን የሚነካ ከሆነ ከኬሞቴራፒ ጋር የሚሰጥ ጨረር ቀዶ ሕክምናውን ሊያሳንስ ወይም ሊተካ ይችላል። በብሽሽት ላይ ሲሆን የሚወስነው ከዚህ በፊት ጨረር ወስዳለች ወይስ አልወሰደችም የሚለው ነው፤ ካልወሰደች አሁንም የሚሞከር ነገር አለ።

በሽታው ለተሠራጨባቸው ሰዎች በቅርብ ዓመታት የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ተሞክረዋል። ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ከ101 ታካሚዎች ውስጥ ዕጢውን በጉልህ ያሳነሰው ወደ 11 በመቶ ለሚሆኑት ነው። ለጥቂቶች ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ቤት ሸጦ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ይህንን ቁጥር ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ክትትል ማለት ምን ማለት ነው?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ዓመት በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ዕድሜ ልክ መታየት ያስፈልጋል። ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በቂ ብርሃን፣ የሐኪም ዓይንና ጣት፣ ሲያጠራጥር ደግሞ ትንሽ ናሙና ወስዶ መመርመር ነው።

በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ግን ዘብ የምትቆመው ራሷ ታካሚዋ ናት። በወር አንድ ጊዜ በእጅ መስታወት ማየት፣ ብሽሽትንም በጣት መዳሰስ በቂ ነው። አዲስ እብጠት፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት የማይድን ቁስል፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሻከረ ቆዳ፣ መድማት፣ ካቆመ በኋላ እንደ አዲስ የጀመረ ማሳከክ፣ የብሽሽት ንፍፊት ወይም የአንድ እግር እብጠት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ያስፈልጋል።

ይህንን ስናገር አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ትዝ ይሉኛል። ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ስምንተኛ ዓመታቸው ነበር። «አምስት ዓመት ከሞላሽ ነፃ ነሽ ተብዬ ነበር፤ ግን ይቺ ነገር አላስተኛችኝም» ብለው ምስር የምታህል እብጠት አሳዩኝ። በየወሩ በመስታወት ያዩ ስለነበር ባለፈው ወር እንዳልነበረች እርግጠኛ ነበሩ። ናሙናው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለነበረ ግን በአጭር ቀዶ ሕክምና ወጣ። ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ስምንት ዓመት እንደቆዩ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ ምርመራ ይዟቸው የሚመጣ ሰው ያጡት ልጅ ሳይኖራቸው ቀርቶ አይደለም፤ የበሽታው ቦታ አሳፍሯቸው እንጂ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። ለሌላው በሽታ ምክር ነው፤ ለዚህኛው ግን በትክክል የሕክምና መመሪያ ይሆናል።

ከሐኪም ቤት ከመውጣትዎ በፊት

ቀዶ ሕክምና ያደረገች እናት፣ እህት ወይም ሚስት ካለችዎ የፓቶሎጂውን ወረቀት ቅጂ ይዛችሁ መውጣታችሁን አረጋግጡ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ሲኬድ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው እሱ ነው። ሐኪሙንም እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁት፦ ካንሰሩ ስንት ሚሊ ሜትር ጠልቆ ነበር? ከጠርዙ ምን ያህል ይርቅ ነበር፣ የጠርዙስ ቆዳ ጤነኛ ነው? ስንት የብሽሽት ዕጢዎች ተመርምረው በስንቱ ተገኘ? ካንሰሩ ከኤችፒቪ የመጣ ነው ወይስ ከላይክን ስክለሮሰስ? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?

አምስቱንም የሚመልስ ሐኪም «ይመለሳል እንዴ?» ለሚለው ጥያቄ ከ«እግዚአብሔር ያውቃል» የተሻለ መልስ ሊሰጣችሁ ይችላል። ሳትጠየቁ የሚነገራችሁ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ቸር ይግጠመን።